ስንት ካሬ ነዎት? የሰውነት ገጽ ስፋትን በየትኛው ቀመር እናስላ

ድሬ ላይ «ስንት ካሬ ነው?» ሲባል ከሰማችሁ ደላላ ነው የሚያወራው። ሳቢያን ያለ ባዶ ቦታ ወይም ገንደ ቆሬ ያለ ቤት ሊሸጥ ነው። እኔ ደግሞ ፋርማሲስት ነኝና በካሬ የምለካው ሰው ነው። ዐዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ካሬ ሜትር ይሆናል። አዲስ የተወለደ ሕፃን 0.2 አካባቢ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ከግማሽ ካሬ ትንሽ ከፍ ይላል።

ይህ ቁጥር የሰውነት ገጽ ስፋት ይባላል። ሥራ ላይ ሁላችንም «ቢኤስኤ» ነው የምንለው። የኬሞ፣ ማለትም የካንሰር፣ መድኃኒት መጠን በአብዛኛው የሚሰላው በእሱ ነው። የኩላሊት ሥራ ሲገመት፣ ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም ሲመዘን፣ ለልጆች አንዳንድ መድኃኒት ሲታዘዝም ይገባበታል። ችግሩ፣ ቆዳን ቀጥታ የሚለካ ሰው የለም። ያለን ከክብደትና ከቁመት ተነስቶ የሚገምት ቀመር ነው። ቀመሩ ደግሞ አንድ አይደለም። ስልካችሁ ላይ አፑን ብትከፍቱ አምስት ስድስት ስም ይደረድርላችኋል።

ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። «የትኛውን እንያዝ?» መልሱን አላቆየውም፤ ስሞቹ የቀመሮቹ ናቸው። ለዐዋቂም ለልጅም ሞስቴለር። ለጨቅላ ሕፃን ሄይኮክ። ልጁ ክብደት ኖሮት ቁመቱ ካልታወቀ ኮስቴፍ። የያዛችሁት ፕሮቶኮል፣ ማለትም የሕክምናው መመሪያ፣ ዱቦይስ ካለ ያለ ክርክር ዱቦይስ። ከዚህ የተረፈው ጭቅጭቅ አብዛኛው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ጉዱ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

እንደ መኪና ግርግር ልብስ ሰፊ

ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው። ጨርቅ ይዛችሁ ብትቀርቡ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ያወርድና ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ክንድ እያለ ይለካችኋል። ዓይቶ ብቻ መቀስ አያነሳም።

በ1916 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኒው ዮርክ ላይ ደላፊልድ ዱቦይስና ዩጂን ዱቦይስ ያደረጉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰውየውን ጥብቅ ያለ ስስ ልብስ አለበሱት። በላዩ ላይ የወረቀት ቁራጭ በቀለጠ ፓራፊን እየለጠፉ ከራስ እስከ እግር ሸፈኑት። ሲደርቅ ቅርፊቱን ገፈው አወለቁ። ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ በትናንሹ ቆራረጡት። ፎቶ ወረቀት ላይ ዘርግተው ለብርሃን አጋለጡት። ከዚያ የተሸፈነውን ክፍል ቆርጠው አወጡና ወረቀቱን መዘኑት። ከወረቀቱ ክብደት የቆዳውን ስፋት አገኙ።

ይህን ታሪክ ስወደው! ግን የተለኩት ሰዎች ስንት ነበሩ? 9። ዘጠኝ ሰው ብቻ። አንዱ እንዲያውም በታይሮይድ ጉድለት ምክንያት ሰውነቱ የልጅ ያህል ሆኖ የቀረ ዐዋቂ ነበር። ከእነዚህ 9 ሰዎች የወጣው ቀመር ከ100 ዓመት በኋላም በየሆስፒታሉ ይሠራበታል። እንዲህ ነው የሚነበበው፦

0.007184 × ክብደት በ0.425 ፓወር × ቁመት በ0.725 ፓወር

ክብደቱ በኪሎ፣ ቁመቱ በሴንቲ ሜትር ነው። ቁመትን በሜትር የሚያስገባ አፕ ካያችሁ የፊተኛው ቁጥር 0.20247 መሆኑን አረጋግጡ። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ለድመትም አይበቃም።

ከዱቦይስ በኋላ ሌሎች መጡ። በ1935 ኤዲት ቦይድ ክብደትን በግራም የሚወስድና ሎጋሪዝም ያለበት ቀመር አወጣች። ጥሩ ሥራ ነው፤ በእጅ ለማስላት ግን አይሞከርም። በ1970 ጌሃንና ጆርጅ ቀድሞ የተሰበሰቡ የ401 ሰዎች ልኬቶችን ይዘው ቁጥሮቹን እንደገና አወጡ። በ1978 ደግሞ ሄይኮክና ባልደረቦቹ 81 ሰዎችን ለኩ። እዚህ ላይ ትልቁ ነገር ብዛቱ አይደለም። ከለኳቸው መካከል ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ነበሩበት። ዱቦይስ ጨቅላ ሕፃን ጨርሶ አልነበረውም። የሄይኮክ ቀመር ይኸው፦

0.024265 × ክብደት በ0.5378 ፓወር × ቁመት በ0.3964 ፓወር

በ1987 ሞስቴለር የሚባል ሐኪም ለአንድ የሕክምና መጽሔት አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ይህ ሁሉ ፓወር ለምን አስፈለገ ነው ነገሩ። ክብደትን በቁመት አባዙ፣ ለ3600 አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩት አውጡ። አለቀ።

አንዲት እናት፣ አራት ቀመር

ክብደቷ 58 ኪሎ፣ ቁመቷ 162 ሴንቲ ሜትር የሆነች አንዲት እናት እንውሰድ። በሞስቴለር እናስላላት። 58 በ162 ሲባዛ 9396 ነው። ለ3600 ሲካፈል 2.61። የሱ ስኩዌር ሩት 1.62 ካሬ ሜትር።

ሌሎቹስ? ዱቦይስ 1.61 ይላል። ሄይኮክ 1.62። ጌሃንና ጆርጅ 1.63። አያችሁ? ከታች እስከ ላይ አንድ በመቶ ብቻ ነው ልዩነቱ። የኬሞ መድኃኒቱ ዶክሶሩቢሲን በካሬ ሜትር 60 ሚሊ ግራም ታዘዘላት እንበል። በትንሹ 96.6፣ በትልቁ 97.8 ሚሊ ግራም ነው። ስሪንጅ ላይ ይህን ልዩነት በዓይኔ እለያለሁ የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

መካከለኛ ሰውነት ላላት ሰው እንግዲህ ምርጫው የሚወሰነው በምቾት ነው። ምቾት ከተባለ ሞስቴለርን የሚነካው የለም። የዱቦይስን ፓወር ለማስላት ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ወይም ስልክ ያስፈልጋል። ሞስቴለር ግን እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ በተገዛ ተራ የሱቅ ካልኩሌተር ይሠራል። የሩት ቁልፍ ካለው ሌላ መንገድም አለ። መጀመሪያ ሩቱን አውጡና ለ60 አካፍሉ። የ9396 ሩት 96.93 ነው፣ ለ60 ሲካፈል ያው 1.62።

የሩት ቁልፉ ከሌለስ? አንዴ መብራት ጠፍቶ፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ፣ የጎረቤት ባለሱቅ ካልኩሌተር ተውሼ ሠርቻለሁ። ሩት አልነበረውም። መገመትና መሞከር ነው እንግዲህ። 1.6 በ1.6 ስንት ነው? 2.56። ያንሳል። 1.62 በ1.62? 2.62። ትንሽ አለፈ። እንግዲያው መልሱ ከ1.62 ትንሽ ዝቅ ይላል። ሁለት ሙከራ፣ ግማሽ ደቂቃ።

ለዱቦይስ አንድ ነገር ልመስክርለት። ብዙ የቆዩ ፕሮቶኮሎችና ጥናቶች የተሠሩት በሱ ነው። ኤኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ የሚያነሳው ማሽን ውስጥም ተጭኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም ለቢኤስኤ ሲካፈል ከ2.5 እስከ 4 ሊትር ጤነኛ ነው ይባላል። ዛሬ በአንዱ ቀመር፣ በሦስት ወር በሌላው ብታሰሉት በሽተኛው ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ የምትሠሩ ሴቲንጉን ከፍታችሁ የትኛው እንደተጫነ እዩ። ካያችሁ በኋላ አትነካኩት።

ቀመሮቹ የሚጣሉበት ቦታ

ልዩነቱ ዓይን የሚገባው ዳርና ዳር ላይ ነው፤ በጣም ትንሽ ሰውና በጣም ወፍራም ሰው ላይ።

3.2 ኪሎ የሚመዝን፣ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨቅላ ውሰዱ። ዱቦይስ 0.201 ካሬ ሜትር ይሰጠዋል። ሞስቴለር 0.211። ሄይኮክ 0.214። ዱቦይስ ከሄይኮክ 6 በመቶ ያህል አነሰ ማለት ነው። ጨቅላ ሕፃን ራሱ ትልቅ፣ እግሩ አጭር ነው። ዘጠኙ የኒው ዮርክ ሰዎች ስለዚህ ቅርጽ የሚነግሩን ነገር የለም። ለዚህ ነው እዚህ ላይ ሄይኮክን የምመርጠው። ሞስቴለርም ብዙ አይርቅም፤ እጃችሁ ላይ ያለው እሱ ብቻ ከሆነ አትጨነቁ።

ቁመት ያልተለካለት ልጅ ደግሞ አለ። የሚያለቅስ፣ የሚራገጥ፣ የተሰበረ እግሩ የታሰረለት። በ1966 የወጣው የኮስቴፍ ቀመር ክብደት ብቻ ነው የሚፈልገው። ክብደቱን በ4 አባዝታችሁ 7 ጨምሩ። ያንን ክብደቱ ሲደመር 90 ለሚሆነው አካፍሉ። 12 ኪሎ ልጅ ከሆነ 55 ለ102 ነው፤ 0.54። ልጁ 87 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና በሞስቴለር ብናሰላው ስንት ይመጣል? ያው 0.54። አንጀት አርስ ነው። ለዐዋቂ ግን አትጠቀሙበት፤ የተሠራው ለልጆች ነው።

ወደ ሌላኛው ዳር እንሂድ። 110 ኪሎ፣ 160 ሴንቲ ሜትር። ዱቦይስ 2.10 ይላል። ሞስቴለር 2.21። ሄይኮክ 2.27። አሁን ጨዋታው ተለወጠ። ሳይክሎፎስፋሚድ የሚባለው ኬሞ በካሬ ሜትር 600 ሚሊ ግራም ከታዘዘ በዱቦይስ 1259፣ በሄይኮክ 1364 ነው። ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ልዩነት። እዚህ ላይ «የትኛው ቀመር ነው?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነገር መፈለግ አይደለም።

በወፍራም ሰው ጉዳይ አንድ አሮጌ ልማድ አለ። ቢኤስኤው ከ2 ካለፈ 2 ላይ መግታት። ፍርሃት ነው የወለደው። የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር በ2012 ባወጣው መመሪያ ይህን አይደግፍም። ለመዳን የሚሰጥ ኬሞ በእውነተኛ ክብደት ሙሉው ይሰላ ነው የሚለው። በዘፈቀደ የተቀነሰ መጠን ካንሰሩን ለማትረፍ ካልሆነ ለሰውየው አይጠቅምም። መግታት ያለበት መድኃኒት ግን አለ። ቪንክሪስቲን በካሬ ሜትር 1.4 ሚሊ ግራም ሲታዘዝ ለዚያች ለ58 ኪሎዋ እናት 2.27 ይመጣል። የሚሰጣት ግን 2 ነው፤ ከፍተኛው ጣሪያ እሱ ነውና። እዚህ ላይ ቀመር መምረጥ ራሱ ትርጉም የለውም። በየትኛውም ብታሰሉ ጣሪያውን ትነካላችሁ።

ሚዛኑ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከዓመታት በፊት፣ የት እንደሆነ ይቅርና፣ አንዲት እማማ ለሦስተኛ ዙር ኬሞ መጡ። ሥራ በዝቶብኛል። ካርዳቸው ላይ 63 ኪሎ ይላል። ወስጄ አሰላሁ፣ 1.68። መድኃኒቱን ላዘጋጅ ስል ሲስተር በበሩ ብቅ አለች።

«ዛሬ መዝነሃቸዋል?»

«ካርዱ ላይ አለ እኮ።»

«አቦ፣ ሴትየዋን አይተሃቸዋል?»

ወጥቼ አየኋቸው። ቀሚሱ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። «እማማ፣ እስቲ ሚዛኑ ላይ ይውጡልኝ» አልኳቸው። ሲወጡ ጫማ እንዳደረጉ፣ ነጠላው እንደተደረበ፣ ቦርሳቸውም ክንዳቸው ላይ ነው። ቦርሳው ውስጥ ምን አለ? ሁለት ሊትር ውኃ፣ ልጃቸው ለመንገድ የያዘላቸው ሙዝ፣ የቤት ቁልፍ። «ይህንንም ልስጥህ ልጄ?» አሉኝና እየሳቁ አንድ በአንድ አራገፉ። መርፌው 58 ላይ ቆመ። 1.62 ነበሩ።

ከ1.68 እስከ 1.62 ያለው ልዩነት 4 በመቶ ነው። አራቱ ቀመሮች የተጣሉት በአንድ በመቶ ነበር። ዓመት ሙሉ «ዱቦይስ ይሻላል፣ ሞስቴለር ይሻላል» ስንባባል አንዲት ያልተመዘነች እናት ያን ሁሉ በአራት እጥፍ አለፈችው። ካርዱ የተጻፈው ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ነበር። ኬሞ ላይ ያለ ሰው በሁለት ወር የሚቀልለውን አስቡት።

ስለዚህ በየዙሩ መመዘን ነው። ብዙ ቦታ ክብደቱ ከመጀመሪያው በ10 በመቶ ሲለወጥ መጠኑ እንደገና ይሰላል፤ 5 በመቶ የሚሉም አሉ። ለማወቅ ግን መጀመሪያ መመዘን አለበት። ሚዛኑ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ይቀመጥ። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ የስፕሪንግ ሚዛን ውሸታም ነው። ሰው ከመውጣቱ በፊት መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። የሚታወቅ ነገር ጫኑበትና ፈትኑት። እኔ 5 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን አስቀምጣለሁ፤ ከጀሪካኑ ጋር ከ5 ኪሎ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ልጆቹ «ኪሎ ልመዝንዎት» የሚሉበት ሚዛን ለጨዋታ ጥሩ ነው። «ትናንት እዚያ ተመዝኛለሁ» ያለኝን ሰው ግን እንደገና እመዝነዋለሁ።

ቁመትን ደግሞ ሰው ሲጠየቅ ይጨምራል። ወንድ በተለይ። መታወቂያ ላይ ያለውን ከመገልበጥ ግድግዳ ላይ ሜትር ለጥፉ። ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳውን ይንኩ፤ ጫማ ይውለቅ፤ ሻሽ ወይም ጥምጥም ካለ በአክብሮት ዝቅ ይደረግ። መቆም ለማይችል ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ መለካት ግምት ይሰጣል።

ሌላው ተንኮለኛ ነገር ውኃ ነው። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ወይም እግሩ ያበጠ ሰው ሚዛን ላይ የሚያሳየው ክብደት ሁሉ የሱ አይደለም። ኔፍሮቲክ ሲንድረም (ሰውነትን የሚያሳብጥ የኩላሊት በሽታ) ያለበት ልጅ ላይ ይህ በጣም ይታያል። ከማበጡ በፊት የነበረው ክብደት ከተገኘ የሚፈለገው እሱ ነው። እናቶች ብዙ ጊዜ የክትባት ካርዱን ይዘውት ይመጣሉ። ጠይቋቸው።

ጣት ሲስት

ሞስቴለር ቀላል ስለሆነ የሚያመጣው ስህተትም ቀላል ነው። ሩቱን መርሳት። ያቺ እናት ሩቱ ቢረሳ 2.61 ትሆናለች። ዶክሶሩቢሲኑ 97 መሆኑ ቀርቶ 157 ሚሊ ግራም ሊገባ ነው። 2.61 ካሬ የሆነ ሰው ፊታችሁ ቢቆም ሳይነገራችሁ ታውቁት ነበር።

ልጅ ላይ ስህተቱ በተቃራኒው ይሄዳል። 12 ኪሎው ልጅ ሩቱ ከተረሳ 0.29 ይሆናል፣ ከትክክለኛው ግማሽ ገደማ። ከአንድ በታች ያለ ቁጥር ሩቱ ሲወጣ ስለሚያድግ ነው። ዐዋቂው መድኃኒት ይበዛበታል፣ ልጁ ያንሰዋል። የልጁ ስህተት የባሰ ተደብቆ ይኖራል፤ ያነሰው መድኃኒት አያስጮህምና።

ቁመትን በሜትር ማስገባት ደግሞ ሌላ ነው። 1.62 ብላችሁ ብታስገቡ መልሱ 0.16 ይመጣል፤ ልክ አንድ ዐሥረኛ። ይህኛው ዓይን ያወጣ ስለሆነ ቶሎ ይያዛል።

ለዚህ ነው ማንም ተማሪ ካልኩሌተር ከመንካቱ በፊት በሽተኛውን አይቶ ግምቱን እንዲነግረኝ የማደርገው። «ይህች ስንት ካሬ ናት?» መካከለኛ ሴት 1.6፣ ደልደል ያለ ወንድ 1.9፣ የ10 ዓመት ልጅ 1.1 ገደማ። ሳምንት ሳይሞላቸው ዓይናቸው ይገራል። እንደ ደላላ ይሆናሉ።

በካሬ ወይስ በኪሎ?

አንዳንዴ ትልቁ ምርጫ ከቀመር በፊት ነው የሚመጣው። ለድሬ ሰው የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም አዲስ ነገር አይደለም። ለእሱ ቢኤስኤ የሚያሰላ የለም። ከ5 እስከ 15 ኪሎ ያልሞላ 1 ፍሬ፣ 25 ያልሞላ 2፣ 35 ያልሞላ 3፣ ከዚያ በላይ 4፣ በቀን ሁለቴ ለሦስት ቀን። የክብደት እርከን ይበቃዋል። አብዛኛው የልጆች መድኃኒትም በኪሎ ነው የሚሄደው። ካርቦፕላቲን ደግሞ ኬሞ ሆኖ ሳለ በካሬ አይሰላም። የ1989ኙ የካልቨርት ቀመር የሚጠይቀው የኩላሊትን ሥራ ነው። የሚፈለገው ኤዩሲ፣ ማለትም በጊዜ ሂደት ደም ውስጥ የሚኖረው የመድኃኒት ጠቅላላ መጠን፣ ይያዝና የኩላሊት ማጣሪያ ፍጥነት ሲደመር 25 በሆነው ይባዛል።

ፕሬድኒሶሎን ላይ ግን ተጠንቀቁ። ለልጆች ኔፍሮቲክ ሲንድረም መጀመሪያ በቀን በካሬ ሜትር 60 ሚሊ ግራም ወይም በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ይላል፣ ከ60 ሳያልፍ። «ወይም» የምትለው ቃል እኩል ታስመስላቸዋለች። ያንን 12 ኪሎ ልጅ ውሰዱ። በኪሎ 24 ሚሊ ግራም ነው። በካሬ 32። ስምንት ሚሊ ግራም ልዩነት በትንሽ ልጅ ላይ! ልጁ እያነሰ በሄደ ቁጥር ክፍተቱ በመቶኛ ሲታይ ይሰፋል። ማዘዣው ላይ የትኛው እንደታሰበ ካልገባችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ቀመሮቹስ እዚህ ምን ያህል ይለያያሉ? ለዚህ ልጅ በዱቦይስ 31.6፣ በሄይኮክ 32.5፣ በጌሃንና ጆርጅ 33.4 ሚሊ ግራም ይመጣል። ክኒኑ 5 ሚሊ ግራም ነው። የሦስቱም ቅርቡ 6 ከግማሽ ክኒን ነው። አባትየው ግማሿን ክኒን በምላጭ ሲቆርጣት ደግሞ ልክ ግማሽ አትሆንም፤ አንዷ ወገን ትተልቃለች፣ ትንሽ ዱቄትም ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። የቀመሮቹ ፀብ እዚያ ዱቄት ላይ ያልቃል።

1.73 ምንድን ነው?

የኩላሊት ውጤት ላይ «ለ1.73 ካሬ ሜትር» የሚል ጽሑፍ አይታችኋል። በ1928 አሜሪካ ውስጥ የ25 ዓመት ወጣቶች አማካይ ተብሎ የተያዘ ቁጥር ነው። የሰዎችን ኩላሊት እርስ በርስ ለማወዳደር ይጠቅማል። ለአንድ ሰው መድኃኒት ለመስጠት ግን ወደ ራሱ መጠን መመለስ ያስፈልጋል፣ በተለይ ከሲታ ከሆነ።

42 ኪሎ፣ 150 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አንድ አዛውንት አሉ እንበል። ቢኤስኤያቸው 1.32 ነው። ወረቀታቸው 90 ይላል። 90 በ1.32 ተባዝቶ ለ1.73 ሲካፈል 69 ነው። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ኩላሊታቸውን ከልኩ በላይ ያምነዋል። እዚህ ላይም ቢሆን ከቀመር ቀመር ያለው ልዩነት ኢምንት ነው። ዋናው ማካፈሉን አለመዘንጋት ነው።

ቃጠሎ ሌላ ነው

ሰዎች ያምታቱታል፤ ባጭሩ ልለየው። ለቃጠሎ «የሰውነት ገጽ ይህን ያህል በመቶ» ሲባል ካሬ ሜትር አይሰላም። ከመቶ ስንቱ እንደተቃጠለ ነው የሚገመተው። ዐዋቂ ላይ ራስ 9፣ እያንዳንዱ ክንድ 9፣ የፊት ገላ 18፣ የጀርባ 18፣ እያንዳንዱ እግር 18፣ ብልት አካባቢ 1። ለተበታተነ ቃጠሎ የበሽተኛው የራሱ መዳፍ ከነጣቱ 1 በመቶ ያህል ነው። የሕፃን ራስ ትልቅ ስለሆነ የዐዋቂው ክፍፍል አይሠራለትም፤ በ1944 የወጣው የሉንድና ብራውደር ሰንጠረዥ ዕድሜን ስለሚያስገባ እሱ ይሻላል። ሞስቴለር እዚህ ሥራ የለውም።

ካርዱ ላይ

ከድሬ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና የሚመላለስ ሰው አለ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ቦታ የጀመረውን ሌላ ቦታ ሊቀጥል ይችላል፤ ካርዱን የሚያነብ ሰው እናንተን አያውቃችሁም። «ቢኤስኤ 1.62» ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁት በየትኛው ቀመር፣ በየትኛው ቀን ክብደት እንደሆነ ሰውየው መገመት ሊኖርበት ነው። እኔ አሁን ተማሪዎቼን በአንድ መስመር ነው የማስጽፋቸው። ያቺ እማማ በመጡበት ቀን ካርዳቸው ላይ 63ቱን በአንድ ሰረዝ ሰርዤ ከሥሩ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «58 ኪሎ፣ ዛሬ ያለ ጫማ የተመዘነ። 162 ሴንቲ ሜትር፣ የተለካ። ሞስቴለር። 1.62።» ሲስተርም ከጎኑ ፈረመችበት።